የድኻ መንደር ኑሮና ጤንነት



በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው፣ በአዲስ አበባ መሀል ስለሚገኙት ያረጁ መንደሮች ነው። ጣሪያቸው ቆርቆሮ፣ ግድግዳቸው እንጨትና ጭቃ ሆኖ፣ አንዱ ቤት በሌላው ላይ ተደግፎ የቆመባቸውን እነዚህን መንደሮች የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ የለም። ብዙዎች ወደ ቢሮ ሲሄዱ በአጠገባቸው ያልፋሉ፤ ተወልደው ያደጉባቸውም ጥቂቶች አይደሉም። ስለዚህ ጉስቁልናቸውን ለመግለጽ ብዙ ቃል አያስፈልግም። መብራራት የሚገባው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ቤቱ ጤና የሚነሣ፣ አየሩ የሚያፍን ሆኖ ሳለ፣ ነዋሪው ልቀቅ በተባለ ጊዜ የሚያዝነው ስለ ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ በሚገባ ያልመለሰ ሰው ስለ መንደሩ የሚያወጣው ፕላን በወረቀት ላይ ቢያምርም፣ ወደ ሰዎቹ ኑሮ ሲደርስ ይሰናከላል።

መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ የመንደሮቹን አመጣጥ ማወቅ ይጠቅማል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በተቆረቆረች ጊዜ መኳንንቱና የጦር አለቆቹ በየተመሩት ቦታ ሰፈሩ፤ ወታደሩ፣ አሽከሩና ባለ እጁም በጌታው ግቢ ዙሪያ ጎጆውን ቀለሰ። ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚባሉት ስሞች የሚያስታውሱት ይህንኑ ነው። በዚህ ምክንያት በአዲስ አበባ ሀብታሙና ድኻው በአንድ አጥር ሥር ጎረቤት ሆነው ኖሩ። ከተማዪቱ እየሰፋች ስትሄድም ባለ ርስቱ በግቢው ውስጥ ትናንሽ የጭቃ ክፍሎች እየሠራ ከየአውራጃው ለእንጀራ ፍለጋ ለሚመጣው ሰው ያከራይ ጀመር።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ኪራያቸው በወር ከመቶ ብር የማይበልጠው አነስተኛ ቤቶች በቀበሌ፣ ማለት በከተማ ነዋሪዎች ማኅበር እጅ ገቡ፤ ኪራያቸውም ተቀነሰ። ይህ ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነበረ። ነገር ግን ያ የተቀነሰው ኪራይ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሳይለወጥ በመቆየቱ፣ ከቤቱ የሚገኘው ገቢ ቤቱን ለመጠገን የማይበቃ ሆነ። ተከራዩም ቤቱ የራሱ ስላልሆነ፣ ለማደስም ፈቃድ ስለሚያስፈልገው፣ ገንዘብ ቢያገኝ እንኳ እጁን ሰብስቦ ተቀመጠ። እንግዲህ የኪራዩ ርካሽነት ነዋሪውን በከተማው መሀል አቆየው፤ ቤቱን ግን አበሰበሰው። ስለ እነዚህ መንደሮች የሚነገረው ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር ይመነጫል።

አሁን ወደ ጤንነት ጉዳይ እንለፍ። የጭቃ ቤት በራሱ ክፉ ቤት አይደለም። የድንጋይ መሠረት ያለው፣ በየጊዜው የሚመረግና ጣሪያው የማያፈስ የሆነ እንደ ሆነ ዕድሜው ረዥም ነው። መሠረት የሌለው እንደ ሆነ ግን ግድግዳው የመሬቱን እርጥበት ወደ ላይ እየሳበ ይፈርሳል፤ ሻጋታም ያበቅላል። በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ወላጅ፣ ልጅና የልጅ ልጅ አብረው ሲኖሩ ቦታ ስለሚጠብ፣ ከጣሪያው በታች ቆጥ ይሠራና ከፊሉ ሰው በዚያ ላይ ይተኛል። መስኮት የሌለው ቤት ብዙ ነው፤ ያለውም ለብርድና ለሌባ ሲባል ተዘግቶ ይኖራል።

በእንዲህ ያለው ቤት ውስጥ ሕመም በሦስት መንገድ ይገባል።

የመጀመሪያው መንገድ አየር ነው። የሳንባ ነቀርሳ ተሐዋሲ ከታመመው ሰው ሳል ጋር ወጥቶ በአየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ነፋስና ፀሐይ በማይገባበት ክፍል ረዥም ሰዓት ስለሚቆይ፣ በአንድ መደብ የሚተኙትን ሁሉ ያሰጋል። ሕክምናው በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ዋጋ ይሰጣል፤ ብዙውን ጊዜም ስድስት ወር ይፈጃል። ነገር ግን የቀን ሠራተኛ የሆነ ሰው ትንሽ ሻል ሲለው መድኃኒቱን አቋርጦ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ያን ጊዜ በሽታው መድኃኒቱን የለመደ ሆኖ ይነሣበታል። ከዚህም ጋር በክፍሉ ውስጥ የሚነደው እንጨትና ከሰል አለ። ጭሱ የሕፃናትን ሳንባ ለምች ያጋልጣል፤ ከሰሉም በተዘጋ ቤት ውስጥ ካደረ፣ ሽታና ቀለም የሌለው መርዛም አየር ፈጥሮ የተኛውን ሰው ሳያነቃው ሊገድል ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ መጸዳጃና ውሃ ነው። በመንደሩ አንዱን ጉድጓድ ብዙ አባወራዎች በጋራ ይጠቀሙበታል። ጉድጓዱ በሞላ ጊዜ ፍሳሽ የሚመጥ መኪና ይጠራል፤ ሆኖም መተላለፊያው ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ከሆነ መኪናው ሊደርስ አይችልም። ክረምት ሲመጣ የሞላው ጉድጓድ ይገነፍላል፤ ወይም ሆን ተብሎ በጎርፍ ይለቀቅና ወደ ወንዝ ይወርዳል። ተቅማጥ፣ የአንጀት ተስቦና የሆድ ትላትል የሚዛመቱት በዚህ መንገድ ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በአዲስ አበባ የተነሣው አጣዳፊ የተቅማጥና ትውከት በሽታ፣ ይህ አደጋ የአንድ መንደር ብቻ ሆኖ እንደማይቀር አሳይቶአል። ዝንብና ጎርፍ የሰፈር ወሰን አያውቁምና።

ሦስተኛው መንገድ ቤቱ የቆመበት ቦታ ነው። በቀበናና በሌሎቹ ወንዞች ዳር የተጠጉት ቤቶች በየክረምቱ ጎርፍ ያስፈራቸዋል። ከሁሉም የከፋው የቆሼ አደጋ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በከተማው ምዕራብ የሚገኘው የቆሻሻ ክምር ተንዶ፣ በአጠገቡ የነበሩትን ቤቶች ከነሰዎቻቸው ቀበራቸው። ከመቶ የሚበልጥ ሰው ሞተ። እነዚያ ሰዎች የክምሩን ክፋት ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ለብዙዎቹ ፕላስቲኩን፣ ብረቱንና ጠርሙሱን ለቅሞ መሸጥ የዕለት እንጀራቸው ስለ ነበረ፣ ከሥራቸው አጠገብ አደሩ። በመጀመሪያ ያነሣነው ጥያቄ መልስ የሚገለጠው ከዚህ ላይ ነው፤ ድኻ ቤቱን የሚመርጠው በግድግዳው ሳይሆን ለእንጀራው ባለው ቅርበት ነው።

ስለዚህ የመንደሩን ኑሮ እንመልከት። የመሀል ከተማው ድኻ ሥራ ፈት ነው የሚለው አስተያየት ስሕተት ነው። እናቲቱ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት ታስረክባለች፤ ወይም ጠላ ትጠምቃለች፤ ወይም በጉሊት ሽንኩርትና ቃሪያ ትቸረችራለች፤ ወይም በየቤቱ እየዞረች ልብስ ታጥባለች። አባትየው ይሸከማል፤ ዘበኛ ሆኖ ያድራል፤ ወይም በግንበኛ ረዳትነት የቀን ሥራ ይሠራል። እነዚህ ሥራዎች ሁሉ ገበያውና ደንበኛው በእግር የሚደረስበት ቦታ ላይ እንዲሆን ይፈልጋሉ። መኖሪያ ቤቱም ራሱ የሥራ ቤት ነው፤ ምጣዱ የሚጣደው፣ ጋኑ የሚታጠነው በዚያው ግቢ ነውና።

ከዚህ ላይ አንድ የማይታሰብ ነገር አለ፤ ይኸውም ድኻ ብዙውን ዕቃ ከሀብታም ይልቅ በውድ ዋጋ የሚገዛ መሆኑ ነው። ደመወዝተኛው ከሰሉን በማዳበሪያ፣ ዘይቱን በጀሪካን ሲገዛ፣ የዕለት ገቢ ያለው ሰው ከሰሉን በጣሳ፣ ዘይቱን በትንሽ ጠርሙስ ይገዛል፤ ተሰብስቦ ሲሰላም የበለጠ ከፍሎ ይገኛል። ውሃም እንደዚሁ ነው። አምስት ነፍስ ያለው ቤተ ሰብ ለያንዳንዱ ሰው በቀን 20 ሊትር ቢያስፈልገው፣ በጠቅላላው 100 ሊትር፣ ማለት አምስት ጀሪካን ይሆናል። የራሱ ቧንቧ የሌለው ሰው ይህን ከቦኖ ወይም ከጎረቤት በጀሪካን ይገዛል፤ እያንዳንዱም ጀሪካን 20 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ የሴቶችና የልጆች ጉልበት ሌላ ዋጋ ሆኖ ይጨመርበታል። ውሃ በዚህ ዓይነት ሲወደድ መጀመሪያ የሚቀነሰው የእጅ መታጠቢያው ነው። እንግዲህ የኪስ ችግር ወደ ሆድ ሕመም የሚሻገረው በዚህ ድልድይ ነው። ሕመሙም በተራው ወደ ኪስ ይመለሳል፤ የቀን ሠራተኛ አንድ ቀን ቢተኛ የዚያን ቀን ገቢ ያጣል፤ ሳምንት ቢተኛም ዕዳ ውስጥ ይገባል።

በዚያን ጊዜ የሚይዘው ማን ነው? ጎረቤት ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው ተረት በመንደሩ ውስጥ የየዕለት ሥርዐት ነው። ባለ ሱቁ በዱቤ ያበድራል፤ ጎረቤቲቱ ልጅ ትጠብቃለች፤ ዕቁቡ ለአንድ ጊዜ ጠርቀም ያለ ገንዘብ ያስጨብጣል። ዕድሩም በሞት ጊዜ ገንዘብ ከመስጠቱ በላይ ድንኳን ይተክላል፤ ወንበርና ድስት ያቀርባል፤ ለቀስተኛውን ያስተናግዳል። እነዚህ ማኅበራት ያለ ዋስ የሚሠሩት ሰው ከሰው ስለሚተዋወቅ ነው። ትውውቁም የተገነባው በብዙ ዓመት ጉርብትና ስለሆነ፣ በካርታ ላይ አይታይም፤ ካሳ ሲተመንም አይቈጠርም።

ከዚህ በላይ የተገለጠውን ይዘን፣ መንደሩ ሲነሣ የሚሆነውን እንመልከት። ከልደታ መልሶ ማልማት ጀምሮ፣ በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በፒያሳና በካዛንቺስ እስከ ተፈጸመው ድረስ፣ ብዙ ያረጁ መንደሮች ፈርሰዋል። በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ፕሮግራም የተሠሩት እንደ ጀሞ፣ የካ አባዶና ቱሉ ዲምቱ ያሉት ሰፊ ሰፈሮችም ብዙ ሕዝብ ተቀብለዋል። ቧንቧ ከቤት፣ መጸዳጃ ለየቤቱ፣ መስኮት ለየክፍሉ መሆኑ ታላቅ በረከት ነው፤ ከላይ የቈጠርናቸውን የሕመም መንገዶች ይዘጋልና ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

ነገር ግን እንጀራ የምትጋግር ሴት ምጣዷን ይዛ አራተኛ ፎቅ ላይ ብትወጣ፣ ደንበኞቿ በመሀል ከተማ ቀርተዋል። የቀን ሠራተኛው ገበያ ለመድረስ ለታክሲ የሚከፍለው ከገቢው ላይ ይነሣል። ቅድሚያ ክፍያውን ያላገኘው ሰው ምትክ የቀበሌ ቤት ይሰጠዋል፤ ወይም ዕጣው የወጣለትን ቤት አከራይቶ ራሱ ወደ ሌላ ያረጀ መንደር ይጠጋል። ያን ጊዜ መንደሩ ፈርሶአል፤ ድኽነቱ ግን ቦታ ለወጠ እንጂ አልፈረሰም። ጎረቤታሞቹም በየአቅጣጫው ከተበተኑ ዕድሩ ስሙ ይቀራል፤ ድንኳኑን የሚተክለው እጅ ግን ይጠፋል።

እንግዲህ ለጉዳዩ ቅርብ የሆነው የመንግሥት ሠራተኛ ሊያስብበት የሚገባው ምንድን ነው?

አንደኛ፣ የመጸዳጃና የውሃ ሥራ መንደሩ እስኪፈርስ ድረስ የሚጠበቅ ጉዳይ አይደለም። ይፈርሳል የተባለ መንደር ለብዙ ዓመት ሳይፈርስ ሊቆይ ይችላል፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ማንም ሚስማር አይመታበትም። ልጅ ግን በዚያው መካከል ይወለዳል፤ ይታመማልም። መኪና ሊደርስበት በሚችል ቦታ የሚሠራ የጋራ መጸዳጃና በመጠነኛ ዋጋ የሚሸጥ ቦኖ ብዙ ሕፃናትን ያድናሉ። በ2002 ዓ.ም. በከተሞች የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን አገልግሎት ነርሶችን ወደየቤቱ ይልካል፤ ነርሲቱ የምትሰጠው ምክር ግን ፍሬ የሚያፈራው ውሃው ሲኖር ነው።

ሁለተኛ፣ ቤት የሚቈጥረው መዝጋቢ ሥራንም ይቍጠር። ክፍሉ ስንት ካሬ ሜትር ነው ከሚለው ጥያቄ አጠገብ፣ ቤተ ሰቡ የሚተዳደረው በምንድን ነው፣ ገበያውስ ወዴት ነው የሚል ጥያቄ ቢጨመር፣ የሚባክነው ቀለም ጥቂት ነው፤ የሚድነው ኑሮ ግን ብዙ ነው። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ምግብ ዋስትና ሥራ ድኻውን በስሙና በቤቱ ለይቶ መመዝገብ እንደሚቻል አሳይቶአል።

ሦስተኛ፣ መነሣት ግድ በሚሆንበት ጊዜ ዕድሩ እንደ አንድ አካል ይታይ። አንድ ዕድር የነበሩት ሰዎች በአንድ ሰፈር እንዲመደቡ፣ ምጣድና ጋን ያላቸውም በምድር ቤት ወይም በጋራ ሕንፃው ሥራቸውን እንዲቀጥሉ ማድረግ ከሲሚንቶና ከብረት ጋር ሲተያይ የሚጠይቀው ወጪ ትንሽ ነው።

ያረጀ ቤት መፍረሱ የሚያሳዝን ነገር አይደለም፤ እርጥብና ጨለማ ክፍል ለማንም አይመኙትም። መለየት የሚገባው ግን በቤቱ ውስጥ ሁለት ነገር መኖሩን ነው። አንደኛው የሚያሳምም ጭቃ ነው፤ ሁለተኛው ሰውን በሕይወት የያዘው የእንጀራና የጉርብትና ገመድ ነው። የመጀመሪያውን ማስወገድ የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ ሁለተኛውን ሳይበጥሱ ማሻገር ግን መዝገብ የሚይዘው፣ ፊርማ የሚፈርመውና ውሳኔ የሚሰጠው ሠራተኛ ሁሉ ድርሻ ነው።