የዘር ሐረግ ስንጽፍ የነጋሪውን ስም አንርሳ

ዘር መቁጠር በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ሰው አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን፣ ምንጅላቱን እያለ ወደ ላይ ይቆጥራል። በብዙ የክርስቲያን አካባቢ ልጅ ከመዳሩ በፊት ሽማግሌዎች ተቀምጠው እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። በሶማሌ ወገኖቻችን ዘንድም ልጆች የአባቶቻቸውን ስም በቃላቸው እየደረደሩ ያድጋሉ።

ቀድሞ ቆጠራው የመሬትም ጉዳይ ነበር። በጎጃም፣ በጎንደርና በሌሎችም የርስት አገሮች ገበሬ መሬት የሚጠይቀው መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው አባት መወለዱን ቆጥሮ ነበር። በእናትም በአባትም በኩል ይቆጠራል። ስለዚህ ቆጠራ የሚያውቅ ሽማግሌ ይከበር ነበር፤ ይፈራም ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ይህ ቀረ። ዘር መቁጠሩ ግን አልቀረም። ከማን እንደተወለድን፣ ከየት እንደመጣን የምናውቀው በሱ ነው።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ፊደል የቆጠረ ሰው አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይበቃዋል። ከሽማግሌ አጠገብ ቁጭ ብሎ መጻፍ ይችላል። ነገር ግን የተጻፈ ሁሉ እውነት አይደለም። ስሕተትም ይወረሳል እኮ!

እስቲ አንድ ነገር እናስብ። አንዲት ሴት ከአጎቷ ሰምታ የዘራቸውን ሐረግ በደብተር ጻፈች እንበል። የወንድሟ ልጅ ደብተሩን ገለበጠ። ሲገለብጥ አንድ ስም ዘለለ። የሷንም የአጎቷንም ስም ትቶ ከላይ የራሱን ስም አሰፈረ። ከዚያ ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስቶ ለዘመዶቹ ላከ። እነሱም ለሌሎች ላኩ። አሥር ቤት ደረሰ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲሉ ያ ወረቀት ወጣ። የሚገናኙበት አባት ስምንተኛው ነበር። በወረቀቱ ግን ሰባተኛ ሆኖ ተገኘ። ጋብቻው ፈረሰ። «ማን ነው የነገረህ?» ተብሎ እንዳይጠየቅ የነጋሪው ስም የለም። ወረቀቱ በአሥር ሰው እጅ ስላለ አሥር ምስክር ያለው ይመስላል። ምስክሩ ግን አንድ ነው፤ እሱም የተሳሳተ ነው።

አባቶቻችን የምስክርን ነገር ያውቁበት ነበር። መሬት ሲሸጥ ወይም ሲሰጥ በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ባዶ ቦታ ላይ ይጻፍ ነበር። የእማኞቹም ስም አብሮ ይደረደር ነበር። መጽሐፍ የሚገለብጥ ጸሐፊም ብዙ ጊዜ የራሱንና ያስጻፈውን ሰው ስም በመጨረሻ ያኖር ነበር። በሌላ በኩል የፊተኛው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም የተጻፈባቸው ብራናዎች ብዙ ናቸው። ያ ስሙ የተፋቀው ሰው ማን ነበር? ዛሬ ማን ይነግረናል?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1ኛ. ነጋሪውን እንጻፍ። «ይህን የነገሩኝ የእናቴ ታላቅ ወንድም እገሌ ናቸው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብለን ቀኑን እንጨምር።

2ኛ. ከሰው ደብተር ስንገለብጥ ባለቤቱን እናስፈቅድ። ከማን እንደገለበጥንም እንጻፍ። ያላረስነውን ማሳ «የኔ አዝመራ ነው» አንልም። ይህም የሰው ድካም ነው። እኛ ተማሪዎችም ብንሆን ሐሳቡን ከየት እንዳገኘነው ካልጻፍን መምህሩ ይቆጣናል።

3ኛ. እንዳለ እንገልብጥ። ስንጨርስ ስሞቹን ከዋናው ጋር አንድ በአንድ እንቁጠር። ስሕተት የመሰለንን አንፋቅ፤ ከጎኑ «እኔ የሰማሁት እንዲህ ነው» እንበል። ሁለት ሽማግሌዎች ቢለያዩ የሁለቱንም ቃል እናስቀምጥ።

4ኛ. ስም እንለይ። አንድ ሰው የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ አንዳንዴም የፈረስ ስም አለው። ካልተጠነቀቅን አንዱን ሰው ሦስት አድርገን እንቆጥረዋለን። ደግሞም ስማቸው እስከ አባታቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ይኖራሉ። ስለዚህ ቀበሌውን ወይም ደብሩን እንጨምር። የእናቶችንም ስም አንርሳ።

5ኛ. ዘመኑን እንጠንቀቅ። ሽማግሌው «በማይጨው ዓመት ተወለደ» ቢሉ ቃላቸውን እንዳለ እንጻፍ። ከጎኑ «1928 ዓ.ም.» እንበል። በውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን የሚጽፉት የፈረንጅ ዘመን ከኛ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይበልጣል። የማንኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተጻፈ ታላቁ ከታናሹ በኋላ የተወለደ ሊመስል ይችላል።

6ኛ. የተነገረንን ሁሉ አንበትን። ሽማግሌ አምኖን የነገረን የቤት ምሥጢር ይኖራል። በሕይወት ያለን ሰው የሚያሳፍር ወይም የሚያጣላ ነገር በስልክ አይላክም። አንዴ ከእጅ ከወጣ አይመለስም።

ይህ ሁሉ ብዙ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ሥራው ሁለት መስመር መጨመር ነው። ሽማግሌው ነገ ላይኖሩ ይችላሉ። ስማቸው በደብተሩ ላይ ካለ ግን የነገሩን ነገር የሳቸው ሆኖ ይኖራል። ልጆቻችንም ሲጠራጠሩ የማን ቃል እንደሆነ ያውቃሉ። እንግዲህ ዛሬ ማታ እሳት ዳር ስትቀመጡ ከቤታችሁ ትልቁን ሰው ጠይቁ። መጀመሪያ የምትጽፉት ግን የዚያን የምትጠይቁትን ሰው ስም ይሁን።

ጥያቄዎች

ሀ. ወረቀቱ በአሥር ቤት እያለ ምስክሩ አንድ ነው የተባለው ለምንድን ነው?

ለ. ከሌላ ሰው ደብተር ስንገለብጥ ምን ምን መጻፍ አለብን?

ሐ. የአያታችሁን ስም ማን ነገራችሁ?