ቻርጀራችሁን ቆራሌው ይገዛዋል፤ የተቃጠለውን አምፖልስ?

የቻርጀራችሁን ጀርባ ገልብጣችሁ እዩት። ከጥቃቅኑ ጽሑፍ መሃል ጎማ ያለው የቆሻሻ ገንዳ በኤክስ ተሰርዞ ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው "ከተራ ቆሻሻ ጋር አትጣሉ" ማለት ነው ብሎ ያልፈዋል። ልክ ነው፣ ግን ከምልክቱ ጀርባ ሌላ ጥያቄ አለ፦ ዕቃው ሲበላሽ የመሰብሰቡን ወጪ ማን ይክፈል?

የአውሮፓ ኅብረት መልስ "የሸጠው ይክፈል" ነው። ሐሳቡን በ1990 ስዊድን ውስጥ ያቀረበው ቶማስ ሊንድክቪስት የተባለ ተመራማሪ ነበር። ኅብረቱ በ2002 ለኤሌክትሮኒክስና ለመብራት ዕቃዎች መመሪያ አደረገው፣ በ2012 ደግሞ አሻሻለው።

ግን ሕግ ለምን አስፈለገ? ገበያው ራሱ አይሰራውም ወይ? ግማሹን ይሰራዋል። ቆራሌው ሰፈር ለሰፈር እየዞረ የሚገዛው፣ ምናለሽ ተራ የሚፈታታው ዕቃ ውስጡ ብር የሚያወጣ ነገር ስላለ ነው። ሽቦው መዳብ አለው፣ የስልክ ቦርድ ላይ ደግሞ በጣም ትንሽ ወርቅ አለ። ችግሩ ማንም የማይፈልገው ነው። የተቃጠለ ረጅም ፍሎረሰንት ወይም ጥምዝምዙን ኃይል ቆጣቢ አምፖል ለቆራሌው ስጡት፤ አይቀበላችሁም። ውስጡ ያለው ብርጭቆ፣ ዱቄትና ጥቂት ሚሊግራም ሜርኩሪ ነው። ሜርኩሪውን ለይቶ ለማውጣት የሚወጣው ወጪ ከሚገኘው ዕቃ ዋጋ ይበልጣል። የአምራች ኃላፊነት የሚባለው ሕግ ዋና ሥራው እዚህ ጋር ነው፤ ለወርቁማ ሰው አይጠፋም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ድርጅቱ ዕቃ በሚሸጥበት አገር ይመዘገባል፣ ስንት ኪሎ ገበያ ላይ እንዳዋለ ያሳውቃል፣ በዚያው ልክ ለሰብሳቢ ማኅበር ይከፍላል። ክፍያው በመጨረሻ ከገዢው ኪስ መውጣቱ አይቀርም፤ ፈረንሳይ ውስጥ እንዲያውም ዋጋው ላይ ተለይቶ ይጻፋል። ጥቅሙ ግን አስቀድሞ ስለተከፈለ ሲጣል በነጻ መሆኑ ነው። አውሮፓ ያላችሁ ይሄን ልብ በሉ፦ ትልልቅ የኤሌክትሮኒክስ መደብሮች (መሸጫቸው ከ400 ካሬ ሜትር የማያንስ) ከ25 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ አሮጌ ዕቃ፣ ምንም ባትገዙም በመርህ ደረጃ መቀበል አለባቸው። መሳቢያ ውስጥ የተኛው ስልካችሁ እዚህ ውስጥ ይገባል።

ፍጹም ነው ማለት ግን አይደለም። ከ2019 ጀምሮ አባል አገሮች በመርህ ደረጃ ባለፉት ሦስት ዓመታት ከተሸጠው አማካይ ክብደት 65 በመቶውን መሰብሰብ ነበረባቸው። አብዛኞቹ አልደረሱበትም። በዓለም ደረጃ ደግሞ በ2022 ከተፈጠረው 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክ ቆሻሻ በአግባቡ ተሰብስቦ የተመዘገበው 22.3 በመቶ ብቻ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በ2010 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክ ቆሻሻ ደንብ ቁጥር 425 ወጥቷል። ከባዱ ጥያቄ ግን "አምራቹ ማነው?" የሚለው ነው። በአውሮፓ ሕግ አምራች ማለት ፋብሪካው ብቻ አይደለም፤ ዕቃውን መጀመሪያ ወደዚያ አገር ገበያ ያስገባው አስመጪም አምራች ይባላል። በኦንላይን ከውጭ የሚሸጥም እዚያው አገር ወኪል መሾም አለበት። እሺ፣ ከዱባይ በሻንጣ የገባ ስልክስ? አስመጪው የአክስታችሁ ልጅ ነው። የት ይመዝገብ? ለማን ይክፈል? በጉምሩክ በኮንቴይነር ለሚገባው አምፖልና ቴሌቪዥን ሕጉ መያዣ አለው። ለሻንጣው የለውም። ስለዚህ እንደ እኔ መጀመር ያለበት ከአምፖሉ ነው፤ በብዛት የሚገባው በአስመጪ ነው፣ ሲቃጠል ደግሞ የሚገዛው የለም።

እስከዚያው እጃችሁ ላይ ላለው፦

አምፖሉ ከተሰበረ መስኮት ክፈቱና ለጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ ውጡ። በመጥረጊያ አትጥረጉት፣ ሜርኩሪውን ይበትነዋል። በወፍራም ካርቶን አንሱት፣ ወለሉን በእርጥብ ወረቀት ጥረጉ፣ ሁሉንም ክዳን ያለው ማሰሮ ውስጥ ክተቱ። ኤልኢዲ ከሆነ ሜርኩሪ የለውም፣ አትጨነቁ።

ሽቦ መዳቡን ለማውጣት አታቃጥሉ፤ ከላስቲኩ የሚወጣው ጭስ መርዝ ነው።

ያበጠ የስልክ ባትሪ ደግሞ ቻርጅ አይደረግም፣ አይበሳም፣ እሳት ውስጥም አይጣልም። ስልኩን አጥፉትና ከሚቀጣጠል ነገር አርቃችሁ ጠጋኝ ጋር ውሰዱት።