የእሑድ ርእስ ከየት ይመጣል?

በምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላም ከተማም ሆነ በቡሬ ዙሪያ ባሉት የገጠር አጥቢያዎች፣ ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ የሚውሉት እሑዶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መጠሪያ አላቸው፤ ፊደል ያልቆጠረ አራሽ እንኳ ጾሙ መጋመሱን የሚያውቀው «ደብረ ዘይት» መድረሱን ሲሰማ ነው። እነዚህ ስሞች የዕለቱን ንባብ፣ ዜማና ስብከት በአንድ ሐሳብ ዙሪያ የሚያሰባስቡ የአምልኮ ርእሶች ናቸው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሲሆን፣ ስምንቱ እሑዶች ስማቸውን ያገኙት በ6ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የአክሱሙ ሊቅ ቅዱስ ያሬድ ከደረሰው፣ «ጾመ ድጓ» ከተባለው የጾም ወቅት የዜማ መጽሐፍ ነው። «ዘወረደ» የአምላክን ከሰማይ መውረድ፣ «ቅድስት» የሰንበትን ቅድስና፣ «ምኩራብ» ክርስቶስ ነጋዴዎችን ከቤተ መቅደስ ማስወጣቱን፣ «መፃጉዕ» 38 ዓመት የአልጋ ቁራኛ የነበረውን በሽተኛ መፈወሱን ያስባሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ደብረ ዘይት ስለ ዳግም ምጽአት፣ «ገብር ኄር» በተሰጠው መክሊት ስላተረፈው ታማኝ አገልጋይ፣ «ኒቆዲሞስ» በሌሊት ሊማር ስለመጣው የአይሁድ አለቃ የሚያስተምሩ ሲሆኑ፣ የመጨረሻው «ሆሣዕና» ነው። ከጾሙ ውጭም ከገና በፊት ያሉት ሦስት እሑዶች ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ጊዜ ደግሞ ዘመነ ጽጌ ተብሎ የእመቤታችን ስደት በአበባ ምሳሌነት የሚዘከርበት ነው።

ርእሱ በአንድ ማለዳ እንዴት እንደሚሠራ የሚወስነው «ግጻዌ» ነው፤ ይህ መጽሐፍ ለየዕለቱ ከጳውሎስ መልእክታት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታትና ከሐዋርያት ሥራ የሚነበበውን ክፍል፣ ከመዝሙረ ዳዊት ተመርጦ በዜማ የሚባለውን ምስባክ፣ ወንጌሉንና ቅዳሴውን ለይቶ ያመለክታል። ስለዚህ ካህኑ ደስ ያለውን መርጦ አያነብም፤ የገጠሯ ደብርም የከተማዋም ካቴድራል በዚያው እሑድ ያንኑ ወንጌል ይሰማሉ።

ርእሱ አስቀድሞ የተወሰነ ቢሆንም የሚነገርበት ቃል ግን ሁልጊዜ አዲስ እንዲሆን የሚያደርግ ሌላ ሥርዓት አለ፤ እርሱም ጎጃም ስሙን ያስጠራበት ቅኔ ነው። በጎጃም የምትገኘው ዋሸራ ከአገሪቱ ዕውቅ የቅኔ ቤቶች አንዷ ስትሆን፣ ተማሪዎቿ ከሁለት ቤቱ (ከሁለት ስንኙ) «ጉባኤ ቃና» ጀምረው እስከ ስምንት ቤቱ «መወድስ» ድረስ በየደረጃው መቀኘትን ይማራሉ። በእሑድ አገልግሎት ቦታ ያለው ይኸው መወድስ ነው፤ ባለቅኔው መቋሚያውን ይዞ ይቆምና ቅኔውን ይዘርፋል፣ መሪጌቶቹና ደብተራዎቹም ተቀብለው ያዜሙታል፤ ወቅቱ ዐቢይ ጾም ከሆነ ከበሮና ጽናጽል ስለማይነኩ ድምፁ ብቻውን ይሰማል። ቅኔው የትናንቱ ተደግሞ እንዳይቀርብ፣ ከዕለቱም ምሥጢር እንዳይወጣ ይጠበቃል፤ በመፃጉዕ እሑድ ለምሳሌ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ያጣው በሽተኛ ሰም፣ ማለትም የላይኛው ትርጉም ሆኖ፣ ወርቁ፣ ማለትም የተሰወረው ትርጉም ግን ጠያቂ ያጣ የአጥቢያው ችግረኛ ሊሆን ይችላል።

ከቅዳሴ በኋላ ትምህርቱ በአማርኛ ይሰጣል፣ ከዚያም ምእመናን ወደ ሰንበቴ ቤት ይገባሉ። ሰንበቴ አባላቱ በየተራ ዳቦና ጠላ እያመጡ በየእሑዱ የሚገናኙበት ማኅበር ሲሆን፣ ከተባረከው ማዕድ ለነዳያንና ለአብነት ተማሪዎች ስለሚደርሳቸው፣ ጠዋት የተነበበው ርእስ በተግባር የሚፈተነው እዚያ ነው።

በሌላው ዓለም ደግሞ የእሑድን ርእስ ለመወሰን ከዚህ ፍጹም የተለየ መንገድ አለ። ዩኒቴሪያን የሚባሉት፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሥላሴን ትምህርት ባለመቀበል በምሥራቅ አውሮፓ የተደራጁ ክርስቲያኖች ሲሆኑ፣ ለዘብተኛ የሚባሉት የዛሬ ጉባኤዎቻቸው ምእመኑን በአንድ የሃይማኖት ቀኖና አያስሩም። ስለዚህም የእሑዱን ርእስ፣ ምስጋናም ይሁን ይቅርታ ወይም ፍትሕ፣ አገልጋዩና ጉባኤው ራሳቸው ይመርጣሉ። በ1923 እ.ኤ.አ. ኖርበርት ቻፔክ የተባለ አገልጋይ በፕራግ የጀመረው የአበባ ሥርዓት የዚህ ነጻነት ፍሬ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ አበባ ያመጣል፣ ሲመለስም ሌላ ሰው ያመጣውን ይዞ ይሄዳል።

ርእስን በምርጫ መወሰን ለወቅቱ ጥያቄ ፈጥኖ ለመድረስ ያስችላል፤ ነገር ግን ጉባኤው የማይመቸውን ነገር እያለፈ የሚወደውን ብቻ እንዲሰማ ሊያደርገው ይችላል። የያሬድ ሥርዓት በአንጻሩ ሰሚው ቢወድም ባይወድም ምጽአትን፣ ፍርድንና የነጋዴዎቹን መባረር በየዓመቱ ፊቱ ያቀርባል፤ የእርሱ አደጋ መደጋገሙ ልማድ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው። ይህን አደጋ ጎጃም በቅኔ ሲከላከል ኖሯል፤ ይሁንና ቅኔው የሚዘረፈው በግእዝ በመሆኑ፣ አብዛኛው ምእመን ዜማውን እንጂ ወርቁን አያገኘውም። ስለዚህ የእሑዱ ርእስ ከሊቃውንቱ መቆሚያ አልፎ ለአራሹና ለነጋዴው እንዲደርስ፣ ባለቅኔው በግእዝ ያደረገውን የማደስ ሥራ ሰባኪው በአማርኛ ሊደግመው ይገባል።