ሲሚንቶ የደፈነው የውኃ መውረጃ

ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውኃው በፀሐይና በነፋስ ስለሚደርቅ ነው ብለው የሚያስቡ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ጭቃ ይደርቃል፤ ውኃ በነካውም ጊዜ ተመልሶ ይፈርሳል። ሲሚንቶ ግን ከውኃው ጋር ተዋሕዶ ሌላ ባሕርይ ያለው ነገር ይሆናል። ስለዚህ በውኃ ውስጥ ሳለ እንኳ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ጆሴፍ አስፕዲን የሚባል እንግሊዛዊ ግንበኛ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1824 ፖርትላንድ ለተባለው ሲሚንቶ የፈጠራ መብት ተቀበለ፤ ይህንም ስም ያወጣለት በአገሩ የታወቀውን የፖርትላንድን ድንጋይ ስለሚመስል ነው። ይህ ባሕርዩ ለድልድይ እግር እጅግ መልካም ነው፤ ለቤት የውኃ መውረጃ ግን መከራ ነው።

በአዲስ አበባ አንድ ግንበኛ የአንዲት ባልቴትን የወጥ ቤት ወለል ያበጅ ነበር። በመሸም ጊዜ ተለማማጁ ልጅ ባልዲውንና መሣሪያውን በዕቃ ማጠቢያው ላይ አጠበ። ውኃው ጠርቶ ሲወርድ አይቶ ሥራው የተፈጸመ መሰለው። ነገር ግን ከማጠቢያው በታች ቧንቧው እንደ ጉልበት ይታጠፋል፤ የጉድጓዱም ክፉ ሽታ ወደ ቤት እንዳይወጣ በዚያ መታጠፊያ ሁልጊዜ ውኃ ይቀመጣል። አሸዋውና ሲሚንቶው ከባድ ስለ ሆነ በዚያ ዘቀጠ፤ ሌሊቱንም ጠነከረ።

በማግሥቱ ውኃው አልወርድ አለ። ባልቴቲቱ፥ «ድስት የምፈትግበት አመድ ደፍኖት ይሆናል፤ የማሠሪያውን ዋጋ እኔ እከፍላለሁ» አለች። ልጁ ሰማ፤ ዝምም አለ።

አንድ ጎረቤት አሲድ እንዲያፈሱበት መከረ። ግንበኛው ግን እምቢ አለ። አሲድ ሲሚንቶን ጥቂት በጥቂት እንደሚበላ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቧንቧው ተደፍኖ ሳለ መሄጃ ስለሌለው በላዩ ተኝቶ ይቀራል፤ ኋላም ቧንቧውን የሚፈታውን ሰው እጅና ዓይን ያቃጥላል። አስቀድሞ በረኪና ፈሶበት እንደ ሆነማ ሰውን የሚያንቅ መርዘኛ አየር ይወጣል። የፈላ ውኃም ስብን እንጂ ድንጋይን አያቀልጥም።

ግንበኛው ከሥር ባልዲ አኑሮ መታጠፊያውን ፈታ። በውስጡ አመድ አልነበረም፤ ግራጫ ድንጋይ ሞልቶበት ነበር። ልጁም ይህን ባየ ጊዜ፥ «ጌታዬ፥ እኔ ነኝ፤ ማታ ባልዲውን በዚህ አጠብሁ» አለ።

ግንበኛው፥ «ልጄ፥ በዚያው ማታ ነግረኸኝ ቢሆን ፈትተን በውኃ ብናጥበው ይበቃ ነበር» አለው። መታጠፊያው በመሮ ሲነካ ስለ ተሰነጠቀ አዲስ ተገዛ፤ ዋጋውንም ግንበኛው ከራሱ ከፈለ። ከዚያ ወዲያ ባለው ቧንቧ የተለጠፈውን ስስ ቅርፊት በትንሽ መሮ በቀስታ እየሰበረ፥ ስብርባሪውን ወደ ውስጥ ሳይገፋ ወደ ራሱ ሳበው። ከወለሉ በታች ወርዶ ጠንክሮ ቢሆን ኖሮ አዲሱን ወለል መቆፈር ግድ ይሆን ነበር።

በዚያ ቀን ማታ ልጁ መሣሪያውን በውጭ በባልዲ አጥቦ፥ ሕፃናት እንዳይነኩት ከፍ ባለ ስፍራ አኖረው፤ የሲሚንቶ ውኃ ቢጠራም ቆዳን ይልጣልና። በነጋም ጊዜ ከባልዲው ሥር የረጋውን አንኳኩቶ አወጣና ከፍርስራሹ ክምር ላይ ጣለው።