የኮቴ ውኃ ዓሣ አያኖርም

ሚዛን ከተማ ውስጥ ወባ ሲበረታ ቡና አምራቾች ይጠይቁኛል፦ «አንተ የጤና ሰው፣ ያ ትንኝ የሚበላ ዓሣ ለምን አይመጣልንም?» ልጁ ሲንቀጠቀጥ ያደረ አባት መላ ቢፈልግ አይፈረድበትም። መልሴ ግን «እዚህ አይሆንም» ነው።

ዓሣው ጋምቡዚያ ይባላል፤ መነሻው ደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ነው። ጣት የማያክል ነው፤ አፉ ወደ ላይ የዞረ ስለሆነ ውኃ ገጽ ላይ ያለ የትንኝ እጭ መልቀም ይችልበታል። እንቁላል አይጥልም፣ ይወልዳል፤ ሙቀት ካገኘ ቶሎ ቶሎ ይደጋግማል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ስፔን፣ ጣሊያንና አውስትራሊያ በተስፋ ተቀበሉት። እሱ ግን የሌሎች ዓሦችን እንቁላልና ጫጩት፣ የእንቁራሪት ግልገል፣ እጭ የሚበሉ የውኃ ነፍሳትን ሳይቀር ይበላል። አንዴ ወንዝ ከገባ መልሶ ማውጣት ዘበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 ዓሣው ጥቅም ላይ እንዲውል መምከሩን አቁሟል።

ደግሞስ የእኛዋ ትንኝ የት ነው የምትራባው? ዋናዋ የወባ አስተላላፊ አኖፊለስ አራቢየንሲስ ወንዝ መሃል እንቁላል አትጥልም። ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር ጎንበስ ብላችሁ ዝናብ ያቆረበትን የበሬ ኮቴ እዩ። ፀሐይ ያሞቀው፣ ስኒ የማይሞላ ውኃ ነው፤ እጮቹ ገጹ ላይ እንደ ተበጠሰ ክር ጋደም ብለዋል። ጥላችሁ ሲያርፍባቸው ወደ ታች ይሰምጣሉ፣ ቆይተው አየር ፍለጋ ይመለሳሉ። ሙቀት ካለ በአሥር ቀን ገደማ ክንፍ አውጥተው ይበራሉ። እዚያ ውስጥ የትኛው ዓሣ ይኖራል?

ዓሣ የሠራበት ቦታ አለ፤ አሰብ። የዚያ አካባቢ ትንኝ የምትራባው ጉድጓድ፣ ማጠራቀሚያና በርሜል ውስጥ ነበር። ፍሌቸር፣ አዋሽ ተክለሃይማኖትና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት አፋኒየስ ዲስፓር የተባለውን ዓሣ ሞክረው እጩን ቀንሰውበታል። ዓሣው የዚያው አካባቢ ተወላጅ ነው፤ በርሜል ደግሞ ወደ ወንዝ አይፈስም። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲም የማጠራቀሚያ ውኃ ስለምትወድ፣ በምሥራቁ በኩል ይህ ዘዴ በባለሙያ ቢታሰብበት አልቃወምም።

የእኛ ወንዞች ግን ወደ ባሮና አኮቦ ይወርዳሉ፤ በአገራችን እጅግ ብዙ ዓይነት ዓሣ ያለው እዚያ ነው። አንድ የጓሮ ኩሬ በጎርፍ ቢያፈተልክ ዕዳው ጋምቤላ ላይ ዓሣ አስግሮ ለሚያድር ቤተሰብ ይተርፋል። እምቦጭ ጣና ላይ ያደረገውን ያየ ሕዝብ እንግዳ ፍጥረት ከመልቀቁ በፊት ደግሞ ደጋግሞ ሊያስብ ይገባዋል።

ለሚጠይቁኝ የምመክረው፣ ጡብ የተሠራበትን ጉድጓድ ድፈኑ፣ ውኃ ያቆረውን ቦይ አፍስሱ፣ አጎበሩን ለእህል መሸፈኛ ሳታደርጉ ተኙበት፣ ትኩሳት ሲጀምር በዚያው ቀን ተመርመሩ ነው። ለምግብ ብሎ ኩሬ የሚቆፍር የባሮን ተወላጅ ቆሮሶ ያርባ። ዳር ዳሩን ያለውን ሣር ግን ሁልጊዜ ይጨድ፤ ዓሣው ዘልቆ የማይገባበት ሣር ለትንኝ እጭ መደበቂያ ይሆናል።