የድሮ መኪና ፍሬን ለምን ይደነድናል?

ሞተሩ ተቀይሮ፣ ቀለሙ ታድሶ፣ ወንበሩ ተሰፍቶ ከጋራዥ የወጣ የድሮ ላዳ ወይም ፔጆ ዱከም ላይ ፍሬኑ እምቢ ሲል፣ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያስበው ሸራ ማስቀየር ነው። ሸራው ይቀየራል፤ ፍሬኑ ግን እንደደነደነ ነው። ቀጥሎ ማስተሩ ይፈታል፣ ዘይቱ ይቀየራል፣ ኪስም ይራቆታል። ፔዳሉ የሚደነድን ከሆነ ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት ሞተሩ አጠገብ ያለው ክቡ ጥቁር ቆርቆሮ፣ ማለትም ሰርቮው፣ እና ወደ እሱ የሚሄደው የጎማ ቱቦ ነው።

ሰርቮው ውስጥ አንድ ሰፊ ላስቲክ ቦታውን ለሁለት ይከፍለዋል። ሞተሩ ሲሠራ በማኒፎልዱ በኩል ከሁለቱም ክፍሎች አየር ይስባል። ፍሬን ስንረግጥ አንዲት ትንሽ ቫልቭ ከኋላ በኩል የውጭውን አየር ታስገባለች። ከፊት ያለው ክፍል እንደተመጠጠ ስለሆነ፣ የገባው አየር ላስቲኩን ወደፊት ገፍቶ ለእግራችን ጉልበት ይጨምርለታል። ስለዚህ የሚገፋልን ሞተሩ ሳይሆን የውጭው አየር ነው፤ የሞተሩ ድርሻ ቦታ ማስለቀቅ ብቻ ነው። የድሮው ቮልስዋገን ቢትል ሰርቮ የለውም፤ ነጂው የሚያቆመው በገዛ እግሩ ጉልበት ነው።

ዱከም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአምስተኛ ያህል ያንሳል። የጥገና መጽሐፍ ጤነኛ ሞተር ነዳጅ ሳይረገጥ ሲዞር ከ18 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ቫክዩም፣ ማለትም ምጠት፣ ያሳያል ይላል፤ ያ ግን የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው። በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ያህል ስለሚቀንስ፣ እዚህ 13 ወይም 14 ቢያሳይ ሞተሩ አልታመመም። ዲያሜትሩ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰርቮ በባሕር ዳርቻ ከ200 ኪሎ በላይ ሲገፋ፣ ዱከም ላይ 150 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ለደጋ የሚሠራ ሰው ሞተር ክፍሉ እስከፈቀደ ድረስ ሰፋ ያለ ሰርቮ ቢመርጥ ይሻለዋል። ትንሿን የሚመርጠው ለማማር ብቻ ከሆነ፣ እኔ አልደግፈውም።

አሁን ወደ ፍተሻው። መሣሪያ አያስፈልግም። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን ደጋግመው ይርገጡ፤ ይጠነክራል። እግርዎን ሳያነሱ ሞተሩን ያስነሱ። ፔዳሉ ከእግርዎ ሥር ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው ይሠራል። ምንም ካልተሰማዎት ቱቦውን ከሰርቮው ነቅለው፣ ሞተሩ እየሠራ አፉን በጣትዎ ይድፈኑት። ጣትዎን አጥብቆ ካልሳበው ችግሩ ከሞተሩ ወይም ከቱቦው ነው። አጥብቆ ከሳበ ሰርቮውን ይጠርጥሩ። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ የመጀመሪያው ርግጫ ለስላሳ መሆን አለበት፤ ወዲያው ከደነደነ አየር በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፈው ቫልቭ አልያዘችም፣ ወይም ሰርቮው ራሱ ያፈሳል። ፍሬን ረግጠው ሲይዙ ከእግርዎ ሥር የማያቋርጥ የአየር ፉጨት ከተሰማ፣ ሞተሩም መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ ላስቲኩ ተቀዷል ማለት ይቻላል። የፍሬን ዘይት እየጎደለ ውጭ ላይ ጠብታ ካልታየ ቱቦውን ነቅለው ውስጡን ይዩት። እርጥብ ከሆነ ማስተሩ ከኋላው ወደ ሰርቮው እያፈሰሰ ነው፤ ሞተሩም ዘይቱን እየሳበ ነጭ ጭስ ያወጣል።

ፔዳሉ ስፖንጅ ከሆነ ግን ሰርቮውን አይውቀሱት፤ መስመሩ ውስጥ አየር አለ። ቀስ እያለ እስከ ወለሉ ከወረደ ደግሞ ማስተሩን ያስፈትሹ።

በእጅ የተገጣጠመ መኪና የራሱ ጣጣ አለው። ቱቦው ከካርቡራቶሩ የላይኛው ቀዳዳ ላይ ከተሰካ፣ ነዳጅ ሲለቀቅ ምንም አይስብም፤ መሰካት ያለበት አየር ከሚያንቀው በር በታች፣ ማኒፎልዱ ላይ ነው። በቫክዩም ቱቦው ፋንታ የተገጠመ የቤንዚን ቱቦ ደግሞ ቀጭን ስለሆነ ሲሳብ ይጨማደዳል፤ ከውጭ ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ ሲሞቅ ግን ውስጡ ይዘጋል። ቤንዚን ሞተሩን አውጥቶ ናፍጣ ያስገባ ሰው የበለጠ ይቸገራል። ናፍጣ ሞተር ማኒፎልዱ ላይ አየር የሚያንቅ በር ስለሌለው ቫክዩም አይሰጥም፤ የግድ ፓምፕ ይፈልጋል። በብዙዎቹ የድሮ ቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ፓምፑ ያለው ከዲናሞው ጀርባ ነው። ዲናሞው ተበላሽቶ ፓምፕ የሌለው ከተተካበት፣ መብራቱ ይበራል፣ ባትሪው ይሞላል፣ የፍሬኑ እገዛ ግን የለም። ለዚህ ሸራ የሚያስቀይር ሰው ብዙ ነው።

ተቃራኒውም አለ፤ ፍሬኑ ይይዝና አይለቅም። በሰርቮውና በማስተሩ መካከል ያለው ዘንግ ከረዘመ ማስተሩ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ሸራው እየተሻሸ ይግላል። የማስተሩን ሁለት ዳዶ በጥቂቱ ሲያላሉት ጎማው ነጻ ከሆነ ዘንጉ መስተካከል አለበት።

ቁልቁለት ሲወርዱ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍተው ወይም በፎሌ አይሂዱ። ሞተሩ ከጠፋ ሰርቮው ያጠራቀመው ለጥቂት ርግጫ ብቻ ይበቃል። በማርሽ ሆኖ ነዳጅ ሲለቀቅ ግን ሞተሩ ራሱ ያግዳል፤ ቫክዩሙም ይጨምራል።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመላለሱት ከባድ መኪኖች ወዳሉበት አሮጌው መንገድ በቀጥታ አይውጡ። ገላጣ ሜዳ ላይ በቀስታ ይሞክሩት፤ የእጅ ፍሬኑንም አስቀድመው ያስተካክሉ። እሱ የሚሠራው በሽቦ ነውና ሰርቮም ዘይትም አያሻውም።