ያውቁ ኖሯል? ሰም የለበሰው ጀርም

ጋምቤላ ውስጥ የሺአ ዛፍ ይበቅላል። ከፍሬው በሚወጣው ቅባት እጅዎን አሽተው ባሮ ወንዝ ውስጥ ቢነክሩት ውኃው ተንከባልሎ ይወርዳል። የቲቢ ጀርምም እንዲህ ያለ ልብስ አለው፦ ማይኮሊክ አሲድ የሚባል፣ ሰም መሳይ ስብ።

የሚያጋልጠውም ይኸው ልብሱ ነው። ሳል ሁለት ሳምንት ከሞላው ጤና ጣቢያ አክታ ይጠየቃል። ባለሙያው አክታውን መስታወት ላይ ቀብቶ ያደርቃል፣ ቀይ ቀለም አፍስሶ በእሳት ያሞቃል፣ ከዚያ አሲድ ባለው አልኮል ያጥባል። ሌላው ሁሉ ቀለሙን ሲለቅ ሰም ለባሹ ቀልቶ ይቀራል። የዘዴው መሠረት የተጣለው በ1882 እ.ኤ.አ. ነው፤ የጀርሙን ዘረመል የሚለየው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ መጥቶም ገና ይሠራበታል። በቅኔ ሰሙን ገፈን ወርቁን እንፈልጋለን፤ እዚህ ግን ወርቁ ሰሙ ራሱ ነው።

ሰውነታችንም ይህን ያውቃል። ቲ ሴሎች የተባሉት የበሽታ ተከላካይ ሕዋሳት የሚለዩት የፕሮቲን ቁራጭ ብቻ ነው ሲባል ኖሮ፣ በ1994 እ.ኤ.አ. ሲዲ1ቢ የተባለው የሕዋስ ገጽ ፕሮቲን ማይኮሊክ አሲድን ይዞ እንደሚያሳያቸው ታወቀ። ፕሮቲኑ ውስጡ ዋሻ አለው። የስቡ ረጅም ጅራት እንደ እባብ ጎሬው ገብቶ ይጠቀለላል፣ ራሱ ብቻ ውጭ ይቀራል፤ ቲ ሴል የሚመረምረው ያንን ራስ ነው።

ለቲ ሴሎች የፕሮቲን ቁራጭ የሚያሳዩት፣ ኤችኤልኤ የተባሉት ሞለኪውሎች ከሰው ሰው እጅግ ይለያያሉ፤ ለንቅለ ተከላ ለጋሽ የሚቸግረውም አንድም በዚህ ነው። የሲዲ1 ወገን ግን በሰው ዘር ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል፤ አኝዋሃው፣ ኑዌሩ፣ ማጃንጉ፣ ኦፖው፣ ኮሞው፣ ጃፓናዊውም ሳይቀር። ለክትባት ፈላጊ ይህ ትልቅ ሲሳይ ይመስለኛል።

ችግሩ ክትባት በቅድሚያ የሚሞከርባት አይጥ ናት! የላቦራቶሪ አይጥ ከዚህ ወገን ያላት ሲዲ1ዲን ብቻ ነው፤ ሲዲ1ቢ የላትም። ጊኒ ፒግ ግን አለው።

ሲዲ1ዲ የሚያሳየው ዝነኛ ስብ ደግሞ የተገኘው ከጃፓን ባሕር ስፖንጅ ነው፤ የካንሰር መድኃኒት ሲፈለግ።

ሲዲ1ኤ የተባለውስ? ቆዳችን ውስጥ ባሉ ላንገርሃንስ ሕዋሳት ላይ ተሰማርቷል። ጋምቤላ ውስጥ የተወለደ ሕፃን ክንዱ ላይ ቢሲጂ ሲከተብ መርፌው የሚገባው እዚያው ቆዳ ውስጥ ነው፤ በክትባቱ ያለው የተዳከመ ጀርምም ያንኑ ሰም እንደለበሰ ነው።